የሚድኑት ጥቂቶች ናቸው ወይስ ብዙዎች?

ጥያቄ፦ «ኩዌት ውስጥ በቤት ሠራተኝነት እኖራለሁ። ማታ ማታ በስልኬ ስብከት አዳምጣለሁ። አንድ መምህር ከሺህ ሰው አንድ ቢድን ነው እያሉ ያስተምራሉ፤ ማስረጃቸው ማቴዎስ 7 ላይ ‹የሚያገኙትም ጥቂቶች ናቸው› የሚለው ቃልና መጽሐፈ ዕዝራ ሱቱኤል ነው። ፕሮቴስታንት የሆነው ወንድሜ በበኩሉ እግዚአብሔር ፍቅር ስለሆነ በመጨረሻ የማይድን የለም፣ የጥንት አባቶችም እንዲህ ብለዋል፣ ኋላ በጉባኤ የተወገዘው በፖለቲካ ነው ይለኛል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግሞ ከይሖዋ ምሥክሮች ጋር ታጠናለችና የሚድኑት 144,000 ናቸው ትላለች። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ንስሐ ሳይገባ ድንገት አረፈ። የማን መልስ ነው ትክክል? ቤተ ክርስቲያንስ ቁጥሩን ታውቀዋለች?»

መልስ፦ አታውቀውም። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶም፣ ካቶሊክም፣ ወንጌላውያንም የሚድኑትን ሰዎች ብዛት በእምነት መግለጫቸው ደንግገው አያውቁም። በኒቅያ (325 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እና በቁስጥንጥንያ (381) የተደነገገው ጸሎተ ሃይማኖት ክርስቶስ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ እንደሚመጣ ይናገራል፤ በቀኝ ስንት፣ በግራ ስንት እንደሚቆም ግን አይናገርም። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የጠነከረ አቋም ያላቸው የእንግሊዝና የስኮትላንድ ካልቪናውያን (የተሐድሶ መሪውን የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች) እንኳ በ1646 ባወጡት የዌስትሚንስተር መግለጫ የተመረጡት ቁጥር የማይጨምርና የማይቀንስ ነው ካሉ በኋላ ቁጥሩን ሳይነግሩን አልፈዋል። ስለዚህ ከሺህ አንድ የሚለውም፣ ሁሉም የሚለውም የአስተማሪው የራሱ አስተያየት ነው። አስተያየት መያዝ አይከለከልም፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው ብሎ ማቅረብ ግን ስሕተት ነው።

ይህን ጥያቄ ከእርስዎ በፊት አንድ ሰው ለክርስቶስ ለራሱ አቅርቦታል። ሉቃስ 13፥23 ላይ «ጌታ ሆይ፥ የሚድኑ ጥቂቶች ናቸውን?» ሲል ጠየቀው። አዎ ወይም አይደለም ቢባል ክርክሩ በዚያው ባለቀ ነበር። የተሰጠው ምላሽ ግን «በጠበበው በር ለመግባት ተጋደሉ» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ለሁለቱም ወገን አይመችም። በሩ ከተዘጋ በኋላ «በፊትህ በላን ጠጣንም በአደባባያችንም አስተማርህ» እያሉ የሚያንኳኩ ሰዎች በውጭ ይቀራሉ፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ፣ ከሰሜንና ከደቡብ የመጡ ደግሞ በማዕድ ይቀመጣሉ። በውጭ የቀሩት ቤተኛ ነን ባዮቹ ናቸው፤ የገቡት ማንም ያልጠበቃቸው ናቸው። ከሺህ አንድ የሚሉት መምህር ራሳቸውን ከአንዱ ወገን ሳያስቀምጡ አይቀሩም፤ ሉቃስ የጻፈው ማስጠንቀቂያ የሚመለከተው ግን እንዲህ በራሱ የተማመነውን ሰው ነው።

የማቴዎስ 7 ቃል እውነት ነው፤ መለዘብ የለበትም። ሆኖም ሕዝብ ቆጠራ አይደለም። ሁለት መንገድ አስቀምጦ ሰሚውን «ምረጥ» ማለት በዘዳግም 30ም በመዝሙር 1ም ያለ የቆየ የማስተማሪያ ስልት ነው፤ ዓላማው የቆመውን ሰው ከቆመበት ማንቀሳቀስ ነው። ያው ማቴዎስ በሚቀጥለው ምዕራፍ ብዙዎች ከምሥራቅና ከምዕራብ መጥተው ከአብርሃምና ከይስሐቅ ከያዕቆብም ጋር እንደሚቀመጡ ጽፏል። ምሳሌዎቹንም ቢያዩ ድርሻው አንድ ዓይነት አይደለም። ከዐሥሩ ደናግል አምስቱ ገቡ፣ መክሊት ከተሰጣቸው ከሦስቱ አገልጋዮች ሁለቱ ተመሰገኑ። ከሁሉ የሚገርመው የሠርጉ ምሳሌ ነው፤ ማቴዎስ 22ን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። አዳራሹ በተጋባዦች ሞላ፣ የሠርግ ልብስ ያልለበሰ አንድ ሰው ወጥቶ ተጣለ፣ ወዲያው «የተጠሩ ብዙዎች፥ የተመረጡ ግን ጥቂቶች ናቸው» ተባለ። የተጣለው አንድ፣ የቀረው አዳራሽ ሙሉ። ቃሉ የሒሳብ ድርሻ ቢሆን ኖሮ ከራሱ ታሪክ ጋር በተጣላ ነበር።

ዕዝራ ሱቱኤል ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን መጽሐፍ ከቀኖናው ስለሚቆጥረው መምህሩ ሲጠቅሱት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ከባድ ማስረጃ ይመስላል። ቃሉ በርግጥ አለ። ይህ ዓለም ለብዙዎች፣ የሚመጣው ግን ለጥቂቶች ተፈጠረ ይላል፤ ምድር የሸክላ አፈር ብዙ፣ የወርቅ አፈር ግን ጥቂት እንደምታወጣ ሁሉ ብዙዎች ተፈጥረው ጥቂቶች ይድናሉ ይላል። ጥያቄው ይህን የሚናገረው ማን ነው፣ ለማን ነው የሚለው ነው። መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሙግት ነው። ዕዝራ ይሟገታል፤ መልአኩ ዑራኤል ይመልሳል፤ ዕዝራ በመልሱ አይረካም። እንዲህ ከሆነ ባንፈጠር ይሻለን ነበር እስከ ማለት ይደርሳል። በማኅፀን የሠራኸውን፣ ወተት አጥብተህ ያሳደግኸውን ሰው መልሰህ ልታጠፋው ነውን ብሎ ይጠይቃል። ብዙ አጥኚዎች መጽሐፉ አሁን ባለው መልክ የተጻፈው ሮማውያን ኢየሩሳሌምን በ70 ካፈረሱ በኋላ፣ በአንደኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው ይላሉ። ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ፣ ሕዝቡ ተበትኖ ሳለ የተጻፈ ልቅሶ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ «ጥቂቶች» የሚለውን ቃል ከሐዘኑ ነጥሎ አይጠቅሰውም።

ልቅሶው የሚያገኘው መልስ ደግሞ በስብከት ሲጠቀስ አልሰማሁም። እግዚአብሔር ለዕዝራ፣ ፍጥረቴን ከእኔ አብልጠህ ልትወድ አትችልም፣ ከዚያ እጅግ ትጎድላለህ ይለዋል። ወዲያውም ስለሚጠፉት ብዛት ከእንግዲህ አትጠይቅ ይለዋል፤ ጻድቃን እንዴት እንደሚድኑ እንጂ ኃጥኣን እንዴት እንደሚቀጡ አትመራመር ይባላል። የሚጠፉትን መቁጠር ተው የሚል መጽሐፍ የሚጠፉትን ለመቁጠር ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አለማንበብ ነው። እዚህ ላይ መምህሩን ደፍሬ እቃወማቸዋለሁ።

ይሁንና «ጥቂቶች» የሚለው አሳብ መምህሩ ከኪሳቸው ያወጡት አይደለም፤ ረጅም ዘር አለው። ዮሐንስ አፈወርቅ በ400 ገደማ በቁስጥንጥንያ የሐዋርያት ሥራን ሲተረጉም፣ በከተማችን ካሉት ከእነዚህ ሁሉ አእላፍ ውስጥ የሚድኑ መቶ አይገኙም፣ እነርሱንም እጠራጠራለሁ ብሎ ሕዝቡን አስደንግጧል። አነጋገሩ የሰባኪ ነው፤ ቤተ መንግሥትና ሀብት ያሰከሩትን ከተማ ሊያነቃ የተናገረው እንጂ የሒሳብ መዝገብ አልነበረም። በምዕራብ ግን አውግስጢኖስ (354–430) ሰው በራሱ ፈቃድና ጥረት መልካም ሊሆን ይችላል ይል ከነበረው ከጳላግዮስ ጋር ሲከራከር አሳቡን ትምህርት አደረገው። የአዳም ዘር በሙሉ ለጥፋት የተገባ ነው፤ ከዚያ ክምችት እግዚአብሔር በጸጋው ጥቂቱን ያወጣል፤ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን እንኳ ከቅጣት አያመልጥም፣ ቅጣቱ ቀላል ይሆንለታል እንጂ አለ። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን የሚድኑት ያነሱ ናቸው ብሎ ተቀበለ፤ ቁጥራቸውን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው ሲልም ጨመረበት። ይህ ቅጥያ በአብዛኛው ይረሳል።

ይህ ትምህርት የት ድረስ እንደሄደ የሚያሳይ፣ እኛንም የሚነካ ታሪክ አለ። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎሬንስ ጉባኤ ተገኝተው ነበር። የሮማው ጳጳስ በየካቲት 1442 ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድነት ለመፍጠር ባወጣው ድንጋጌ፣ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ አረማውያን ብቻ ሳይሆኑ አይሁድም፣ መናፍቃንም፣ ከአንድነት የተለዩትም ከመሞታቸው በፊት ካልተመለሱ ወደ ዘላለም እሳት ይሄዳሉ የሚል አንቀጽ ገባ። በዚያ ሚዛን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ኢትዮጵያ፣ ከነገዳማቱ፣ ከነሰማዕታቱ ጠፍታለች ማለት ነው። ያችው የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1964 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ሳያውቁ እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልጉ ሰዎች መዳን ይችላሉ አለች። በመካከሉ ምን ተፈጠረ? በ1492 አውሮፓውያን አሜሪካ ሲደርሱ ለ1,500 ዓመት ያህል የክርስቶስን ስም የሚነግራቸው ሰው ያልመጣላቸው ሕዝቦች አገኙ። ያልሰማ ሰው እንዴት ይፈረድበታል የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከጥቂት ሊቃውንት ጭንቀትነት ወጥቶ የሁሉም ሆነ። ዛሬም ከ8 ቢሊዮን የዓለም ሕዝብ ክርስቲያን ነኝ የሚለው ከሲሦው አይበልጥም።

ሌላው ሚዛኑን ያናጋው የሕፃናት ጉዳይ ነው። በሰው ልጅ ታሪክ በአብዛኛው ዘመን ከተወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረው አሜሪካዊ የፕሪስቢቴሪያን ሊቅ ቻርልስ ሆጅ፣ ያውም ጥብቅ ካልቪናዊ፣ በሕፃንነታቸው የሞቱት ሁሉ ይድናሉ ብሎ አመነ፤ ከዚያም የሚጠፉት ከሚድኑት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ይሆናሉ እስከ ማለት ደረሰ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናትን ለእግዚአብሔር ምሕረት አሳልፋ ትሰጣለች። በእኛ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ቢጠመቁም ለሞት የደረሰ ሕፃን ቀኑ ሳይጠበቅ እንዲጠመቅ መፈቀዱ ጥምቀት ምን ያህል እንደሚከበር ያሳያል፤ ሳይደርስለት የሞተው ጠፍቷል ብሎ መፍረድ ግን የዚያ ሥርዓት ትርጉም አይደለም። በሕፃናት ላይ የሚሰጡት አንድ መልስ ብቻ የ«ጥቂት»ና የ«ብዙ»ን ድምር እንደሚገለብጠው ልብ ይበሉ። ጥቂቶች ብለው የሚምሉ ሰባክያን ይህን ሲያነሱት አይሰማም።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። የጥንት አባቶችም ብለዋል ያለው ግማሽ እውነት ነው። የእስክንድርያው አርጌንስ (254 ገደማ ያረፈው) ፍጥረት ሁሉ በመጨረሻ ወደ እግዚአብሔር ይመለሳል የሚል አሳብ አቅርቧል። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው የባስልዮስ ወንድም የኑሲሱ ጎርጎርዮስም ወደዚያ የሚያዘነብል ቃል አለው። መነኮሳቶቻችን የሚያነቡት ማር ይስሐቅም አለ፤ በ7ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ ትውልዱ እርስዎ ካሉበት ብዙ ከማይርቀው ከዛሬዋ ቃጣር አካባቢ የሆነ ሶርያዊ ነው። ጠፍቶ የነበረው የድርሰቱ ሁለተኛ ክፍል በ1983 በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቷል፤ በዚያ ውስጥ የእግዚአብሔር ቅጣት በቀል ሊሆን አይችልም፣ የገሃነምም ፍጻሜ ምሕረት ነው ይላል። እነዚህ ሰዎች አዋቂዎችና ጻድቃን ነበሩ፤ አሳባቸውን የመናፍቅ ቀልድ አድርጎ ማጣጣል አይገባም።

የቀረው ግማሽ ግን አይቆምም። እነዚህ ጥቂት ድምፆች እንጂ የአባቶች የጋራ ትምህርት አልነበሩም። «በፖለቲካ ተወገዘ» የሚለውም ተጨምቆ የተነገረ ነው። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ543 የአርጌንስን አሳቦች አውግዟል፤ በ553 የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ውግዘቱ በይፋ ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም በሚለው የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዚህ የንጉሥ እጅ ነበረበት፤ ወንድምዎ አልተሳሳተም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የምትቀበለው ኒቅያን፣ ቁስጥንጥንያን (381) እና ኤፌሶንን (431) ስለሆነ የ553ቱ ጉባኤ አያስራትም፤ አንዳንድ መምህሮቻችን ይህን ጉባኤ እንደ ራሳችን መጥቀሳቸው የሚገርም ነው። ነገር ግን ከዚያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጳጳሳት ስትቀበልበት የኖረችው የእስክንድርያ መንበር በፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ዘመን አርጌንስን አውግዟል። ከጉባኤም በላይ ማቴዎስ 25፥46 አለ፤ የዘላለም ቅጣትና የዘላለም ሕይወት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱን ጊዜያዊ የሚያደርግ ሌላውን እንዴት ዘላለማዊ አድርጎ እንደሚያቆይ ማስረዳት አለበት። ሁሉም በግድ ይድናል የሚል ትምህርት ሌላም ዕዳ አለበት፤ የሰው «እምቢ» ማለት በመጨረሻ ምንም ዋጋ እንደሌለው ይቆጥራል።

ከሁለቱ መካከል ሦስተኛ አቋም አለ። ስዊዘርላንዳዊው ካቶሊክ ሊቅ ሃንስ ኡርስ ፎን ባልታዛር በ1980ዎቹ ያቀረበው፣ ብዙ ተቃውሞም ያስነሳበት ነው፦ ሁሉም ይድናል ብለን ማስተማር አንችልም፤ ሁሉም እንዲድን ተስፋ ማድረግና መጸለይ ግን ግዴታችን ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ለሰዎች ሁሉ ጸልዩ ብሎ ጀምሮ፣ እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ ሊድኑ ይወዳል ወደሚለው የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ጥቅሱ ለዚህ አቋም ይበልጥ ይስማማል። ወንድምዎ ከ«ይድናሉ» ወደ «ይድኑ ዘንድ እንለምናለን» ቢመለስ ከእርስዎ ጋር የሚያጣላው ነገር አይኖርም።

የ144,000ው አጭር ነው። ራእይ 7 ቁጥሩን የሚያገኘው ከ12 ነገድ እያንዳንዱ 12,000 በማለት ነው፤ ምሉዕነትን የሚያሳይ ምሳሌያዊ አቆጣጠር መሆኑ ከአሠራሩ ይታያል። ከአምስት ጥቅስ በኋላ (ቁጥር 9) ዮሐንስ ራሱ፣ ማንም ሊቈጥራቸው የማይችል እጅግ ብዙ ሰዎች ከሕዝብና ከነገድ ሁሉ አየሁ ይላል። ደግሞም የይሖዋ ምሥክሮች የሚድኑት 144,000 ብቻ ናቸው ብለው አያስተምሩም፤ ጓደኛዎ ገና በደንብ አልገባት ይሆናል። ከ1935 ጀምሮ ትምህርታቸው 144,000ዎቹ በሰማይ ይነግሣሉ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ደግሞ በምድር ገነት ለዘላለም ይኖራል የሚል ነው። ይህንንም የቀሩት አብያተ ክርስቲያናት አይቀበሉትም፤ ግን ያላሉትን ብለዋል ብሎ መከራከር አያስፈልግም።

አሁን አባትዎ። ከጥያቄዎ ሁሉ ክብደቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ንስሐ ሳይገባ አረፈ የሚለው ሰዎች ያዩትን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ንስሐ አባቱ እንዳልደረሱ፣ ቄስ እንዳልናዘዘው። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ የዳነው ባለቀ ሰዓት፣ በአንድ ቃል ነው። በአባትዎና በእግዚአብሔር መካከል በመጨረሻዋ ደቂቃ የሆነውን እርስዎም፣ መምህሩም፣ እኔም አናውቅም። ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ፍትሐት የምታደርሰው፣ በ40 ቀን ተዝካር የምታስበው ገና የሚለመን ነገር አለ ብላ ስለምታምን ነው። ወንድምዎ እንደ ፕሮቴስታንት ለሙታን መጸለይን አይቀበልም፤ በዚህ ላይ አትጨቃጨቁ፣ አይስማማችሁም።

ከተአምረ ማርያም የቅምሩን በላዔ ሰብ ታሪክም ሰምተው ይሆናል፤ ሰው ሲበላ የኖረ ሰው በእመቤታችን ስም ለአንድ ምስኪን የሰጣት ጥርኝ ውኃ በሚዛን ደፍታለት ዳነ ይባላል። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ እንግዲህ እንደ ልቤ ልኑር ይላል፤ ሌላው ደግሞ ታሪኩን ሲነቅፍ ይውላል። የታሪኩ ጉዳይ አንድ ጭንቅ ውስጥ ያለ ነፍስና የምሕረት ስፋት ነው፤ ከመቶ ስንት ይድናል ለሚለው መልስ አይሆንም፤ ለኃጢአትም ፈቃድ አይሰጥም። ጸሎትም ዋስትና አይደለም፤ ልመና ነው።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ከሺህ አንድ የሚሉትን መምህር ማዳመጥ ያቁሙ፤ በቁጥሩ የተነሣ ብቻ አይደለም፤ በእርስዎ ላይ ያመጣው ፍሬ ንስሐ ሳይሆን ስለ ሞተ ሰው መጨነቅ ስለሆነ ነው። ስለ ራስዎ መዳን ሲያስቡ የማቴዎስ 7ን ቃል ይያዙ፤ በሩ ጠባብ ነው፣ ለነገ አይባልም፣ ንስሐ አባት ከሌለዎት በኩዌት ካሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ጠይቀው ይያዙ። ስለ አባትዎም ሆነ ስለ ሌላ ሰው ሲያስቡ የጢሞቴዎስን ቃል ይያዙ። ሁለቱን አያቀያይሩ፤ የጠበበውን በር ለሌላው፣ ሰፊውን ምሕረት ለራሱ የሚያደርግ ሰው ነው ሁለቱንም የሚያበላሸው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ላስጠንቅቅዎ። ሐዘን ያለበትን ሰው እየፈለጉ «አባትሽን በራእይ በሲኦል አየሁት፣ ይህን ያህል ብትልኪ በጸሎት አወጣዋለሁ» የሚሉ በስልክም በቪዲዮም አሉ፤ በዐረብ አገር ያሉ እኅቶች ደመወዛቸውን እስከ መላክ ደርሰዋል። አንድም ብር አይላኩ። ተዝካር ማድረግ ከፈለጉ ገንዘቡ አባትዎ በተቀበሩበት ደብር ለካህናቱና ለነዳያን በቤተሰብዎ እጅ ይድረስ፤ ስማቸው በቅዳሴ ይታሰብ፤ በራእይ አየሁት ያለዎትን ሰው ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ ይዝጉት።